ለሽማግሌ የመረጥኳት ጠባብ ሳንቃ

መካነ ሰላም ከብት ገበያ ገብታችሁ «በቅሎ የሚያውቅ ሰው አሳዩን» ብትሉ ሦስት ጣት ወደ እኔ ይቀሰራል። አንዱ የራሴ ጣት ነው፤ ሁለቱ ግን የሰው ናቸው። ሞላ እባላለሁ፣ የበቅሎ ደላላ ነኝ። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ተለያየን። እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ። በቅሎ ላይ ግን ማንም አይነካኝም። ከሩቅ አይቼ ዕድሜዋን እነግራችኋለሁ፣ አመሏን እነግራችኋለሁ፣ ብትፈልጉ እናቷ ምን ትመስል እንደነበር እነግራችኋለሁ። የመጨረሻውን እዋሻለሁ፤ ግን የሚያጣራ ሰው እስካሁን አልመጣም።

አሁን የማወራችሁ በአንድ እሁድ፣ ከረፋድ እስከ ከሰዓት፣ የደረሰብኝን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሞላና ከዚያ በኋላ ያለው ሞላ አንድ አይደሉም። መልኩ ያው ነው፣ እሱ ምን ይደረግ፣ ቆንጆ ሆኜ ነው የተፈጠርኩት።

ከከተማችን ወጣ ብላችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ለመስኖ ተብሎ የተገደበ ውሃ አለ። ከውሃው ወዲያ ያለውን መንደር እኛ «ማዶ» ነው የምንለው። ጮክ ብላችሁ ብትጣሩ ይሰማል፤ በእግር ልሂድ ካላችሁ ግን ገደሉን ዞራችሁ፣ በእንጨት ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ሦስት ሰዓት ነው። ማዶ የሺ አለች። የሺን ካያችሁ አትጠይቁኝም፣ ካላያችኋት ደግሞ ብነግራችሁም አይገባችሁም።

ለየሺ ብዙ ነገር ነግሬያታለሁ። ዋና እችላለሁ ብያታለሁ። አባይን ከቦረና ገብቼ ጎጃም ወጥቼ፣ ምሳ ሳይቀርብ ተመልሻለሁ ብያታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? በዕድሜዬ የገባሁበት ጥልቅ ውሃ እስከ ጉልበቴ ነው። እሱም በቅሎ ሳጠጣ አንሸራትቶኝ ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። ዋናው ሽማግሌዬ አያ እንድሪስ ነበሩ፣ ጎረቤታችን። እኛ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም፤ ወሎ ነው'ኮ፣ ሽማግሌ በአንደበቱ እንጂ በሌላ አይመረጥም። እሳቸው ደግሞ አፋቸውን ከከፈቱ የተጣላ ድንጋይ ያስታርቃሉ። ሌሎቹ ሁለቱ እዚያው ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን ናቸው። የየሺ አባት፣ ጋሽ ተሰማ፣ አንድ ጊዜ ሰምተው «ተማክረን በሁለተኛው እሁድ ረፋድ መልስ እንሰጣለን» ብለው ቀጠሩ። እንግዲህ ደንቡን ታውቁታላችሁ። የልጅቱ ቤት ዘመድ ጠርቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ ሽማግሌ ይጠብቃል። ሽማግሌ በቀጠሮው ቀን ከቀረ ንቀት ነው። ነገሩ እዚያው ይሞታል። ላስታርቅ ብትል ራሱ ሌላ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ከኔ ኋላ ደግሞ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሽማግሌዎቹን አሰልፎ ተራ እንደሚጠብቅ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ዓርብ የወረደው ዝናብ የእንጨቱን ድልድይ ይዞት ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ስሰማ እግሬ አልቆም አለ። ገበያ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ውሃው ዳር ወረድኩ፣ ወጣሁ። ደግሜ ወረድኩ። አንዲት በቅሎ ለማሻሻጥ ይዤ «ዕድሜዋ ስንት ነው?» ሲሉኝ «እስከ እሁድ» አልኩ። ሰውየው በቅሎዋ ልትሞት ነው ብሎ ትቷት ሄደ።

ቤት ስገባ ታላቅ እህቴ ዘነቡ ብርድ ልብስ ታሰጣለች። ዘነቡ ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ኖራ ዘንድሮ ነው የተመለሰችው። በካርጎ ከላከቻቸው ብርድ ልብሶች ጋር ሁለት የተጠቀለሉ፣ ፍራሽ የሚያካክሉ ነገሮች መጥተው ከጓዳ ተወሽቀው ነበር። የማዳሟ ልጆች ጠግበው የጣሏቸው ናቸው። ሲነፉ የውሃ ሳንቃ ይሆናሉ፣ ሰው ቆሞባቸው እየቀዘፈ ባሕር ላይ ይንሸራሸራል ብላ ነግራን ስንስቅባት ነበር። አባቴማ «ውሃ ላይ የሚቆም ሰው በመጽሐፍ ነው የማውቀው» ብሏታል።

«እታለም፣ ያ ሳንቃ የእውነት ሰው ይጭናል?» አልኳት።

«ይጭናል። ምነው?»

«ሽማግሌስ?»

ብርድ ልብሱን ለቀቀችው። «ሞላ! አያ እንድሪስን ውሃ ላይ ልታወጣ?»

«ሌላ መንገድ ካለ ንገሪኝ።»

ብርድ ልብሱን አነሳችው። ሌላ መንገድ የለም። «ዋና ትችላለህ ግን?» አለችኝ።

«እኔን?» አልኳት። ይቺ «እኔን?» የምትባል ቃል ስንት ጊዜ እንዳወጣችኝና ስንት ጊዜ እንዳስገባችኝ። «አባይን የተሻገርኩትን ሰውዬ?»

እሁድ በጠዋት ሁለቱን ጥቅል በአህያ ጭነን ውሃው ዳር ወረድን። አያ እንድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ቡልኳቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። በቀኝ ጉልበታቸው ላይ ሕመም አለባቸው፣ ግን ሽማግሌ ሆነው ሲሄዱ አያነክሱም፤ ከፈለጋችሁ እዩዋቸው። ዘነቡ ሁለቱንም ሳንቃ ሣሩ ላይ ዘረጋቻቸው።

አንዷ ቀይ፣ ጠባብ፣ ረጅም፣ አፍንጫዋ የሾለ። ሌላው የደበዘዘ ሰማያዊ፣ አጭር፣ ሰፊ፣ ጀርባው እንደ ምጣድ የተንጣለለ። ልጆቹ የለጠፉበት የካርቱን ድመት አለች፣ አንድ ዓይኗ ተልጧል።

«ሰፊው ነው» አለች ዘነቡ፣ ሳትጠየቅ። «ለጀማሪ ሰፊው ነው። አይገለበጥም፣ ክብደት ይችላል። ጠባቡ መሮጥ ለሚፈልግ፣ ለለመደ ሰው ነው። ማዳም ራሷ በጠባቡ ስትወጣ ስንት ቀን ነው ውሃ የጠጣችው።»

እኔ ግን ዓይኔን ከቀይዋ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። እስቲ ፍረዱኝ፤ ሽንጠ ረጅም፣ ወገበ ቀጭን፣ አንገቷን ቀና ያደረገች። ገበያ ብትወጣ ጥርሷን ሳላይ ነው የማሻሽጣት።

«ይቺ ሰጋር ናት» አልኩ። «ያኛው አጋሰስ ነው። የእህል መጫኛ።»

አያ እንድሪስም በከዘራቸው ቀይዋን ነካ አደረጓት። እሳቸውም'ኮ የበቅሎ ሰው ናቸው፤ እኔ ሳልወለድ ነው ከለላ ገበያ በቅሎ ሲያወጡ የነበሩት። ሰማያዊውን ዞረው አዩት፣ ድመቷን አዩዋት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስሚ ልጄ» አሏት ዘነቡን፣ «ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ በአጋሰስ አይሄድም። በሰጋር ካልሆነ በእግሩ። በአጋሰስ የሄደ ሽማግሌ የሚሰጡት መልስም የአጋሰስ ነው። ያ ሁሉ የተሰማ ዘመድ ዳር ወጥቶ ሲያየኝ በዚህ ድመት ላይ ተቀምጬ ልድረስ?»

«አያ፣ ይሄ'ኮ በቅሎ አይደለም!»

«የሚቀመጡበት ነገር ሁሉ ያው ነው» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ዘነቡ ብቻዋን ቀረች። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ የአያ እንድሪስ ቃል የኔ ቃል ሆነችልኝ። መንፋት ጀመርኩ። መንፊያው እንደ ብስክሌት ፓምፕ ነው፣ ግን ትልቅ። መጀመሪያ ቀላል ነበር፣ ከዚያ ከበደ፣ ከዚያ ክንዴ ተንቀጠቀጠ።

«የመንፊያው መርፌ አረንጓዴው ጋ ካልደረሰ አትተው» አለች ዘነቡ።

ሳንቃዋን በጥፊ መታ አደረግኳት። «ጠግባለች። ሆዷ ተነፍቷል አታዪም?»

«አልሞላችም አልኩህ። መሐሏ ይጎብጣል።»

«እታለም፣ የዓረብ አገሩን ለዓረብ ተይው።»

ይቺን ያልኳት ዛሬም ትቆጠቁጠኛለች። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስትለፋ ያየችውን፣ የተማረችውን፣ በአንድ ቃል ጣልኩባት። እሷ ግን ጠምዛዛ ገመድ አወጣች፣ ጫፏ ላይ መታጠቂያ ያላት። «ይቺን ቁርጭምጭሚትህ ላይ እሰራት። ብትወድቅ ሳንቃው አይሸሽህም።»

«እግሬን የምታስሪኝ እኔ በቅሎ ነኝ?» ብዬ ተቀበልኳትና በሳንቃዋ አፍንጫ በኩል ባለችው ቀለበት ላይ እንደ መሳቢያ አሰርኳት። አያ እንድሪስ «እንዲያ ነው» አሉ። ሁለት የበቅሎ አዋቂዎች ነን'ኮ።

አንድ ነገር ላይ ግን ዘነቡ እምቢ አለች። አንዲት ብርቱካናማ የሚንሳፈፍ ሰደርያ ነበረቻት። «አያ ይሄን ሳይለብሱ ከዚህ ዳር አይነሱም። ከተነሱ እኔ ውሃው ውስጥ እተኛለሁ።» አያ እንድሪስ ተከራከሩ፣ ተማረሩ፣ በመጨረሻ ቡልኮው ከላይ ይሸፍነው ብለው ለበሱ። መቅዘፊያ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ካርጎ ላይ ጠፍቷል። እሱን ለኔ ሰጠችኝና መንፊያውን ሰማያዊው ላይ ሰካች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ከኋላችሁ እመጣለሁ።»

«በምን ቀዝፈሽ?»

ወደ አህያው ሄዳ ላይዳ አወረደች። እህል ስናዘራ የምንጠቀምበትን፣ የእንጨቱን አካፋ። ከቤት ስትወጣ ጭናው ነበር ማለት ነው። ሳቅሁ። በጣም ሳቅሁ። በሰማያዊ አጋሰስ ላይ ላይዳ የያዘች ሴት፣ አስቡት።

ተነሳን። አያ እንድሪስ ፊት ለፊት በታጠፈ ግላስ ላይ ተቀመጡ። አዎ፣ ኮርቻ የሚለብሰውን የበቅሎ ግላስ ነው ያነጠፍንላቸው፣ ከነጌጡ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ደህና ነበር። ውሃው ዝም ያለ፣ ቀዘፍ ሳደርግ ሳንቃዋ እልም የምትል። «ያ ሰላም!» አሉ አያ እንድሪስ፣ «ምን ዓይነት ስግሪያ ነው!» ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ።

ከዚያ ማዶውን አየሁት። ዳር ላይ ሰው ወጥቷል። የጋሽ ተሰማ ዘመዶች፣ ሴቶች፣ ነጭ ነጠላ። ከሴቶቹ መሐል ቢጫ ሻሽ አለ። የሺ ቢጫ ሻሽ አላት።

ደንቡ እኔ እንዳልታይ ነው፤ ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። አያ እንድሪስን ዳር አውርጄ ወዲያው ልመለስ ነበር የተባለው። ግን ሰው ከሩቅ ቢያየኝ ምን አለበት? ካየችኝ አይቀር ደግሞ ተቀምጬ ለምን ታየኛለች? ዘነቡ የማዳም ልጆች ቆመው ነው የሚሄዱት ብላለች። ልጆች ከቆሙ እኔ አልቆምም?

«አያ፣ ልነሳ ነው።»

«ወዴት?»

ተነሳሁ።

ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ቆሜ ነበር፣ ወላሂ ቆሜያለሁ፣ ያዩ ሰዎች አሉ። ከዚያ የሳንቃዋ መሐል ከእግሬ ስር ጎበጠ፣ ልክ ዘነቡ እንዳለችው። ነፋስም መጣ፣ ትንሽ ነፋስ ናት፣ ሻሽ የማታወልቅ። ጠባቧ ሳንቃ ወደ ግራ ዘመም አለች። እኔ ወደ ቀኝ ተደገፍኩ። በቅሎ ብትሆን ይቺን ታውቅልኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ቀኝ ገለበጠችን።

ውሃው ብርድ አይባልም፤ ጥርስ አለው። ጆሮዬ ውስጥ ገባ፣ አፌ ውስጥ ገባ፣ ያ ሁሉ ያወራሁበት አፍ ሞላ። እግሬን ሰደድኩ፣ መሬት የለም። እንደገና ሰደድኩ፣ የለም። ሰው መሬት ሲያጣ ምን እንደሚሆን አታውቁም፤ እንዳታውቁት እመኝላችኋለሁ። ብቅ ስል ቀይዋ ሳንቃ መሳቢያዋን እየጎተተች በነፋሱ እልም ብላ ስትሄድ አየኋት። በውነትም ፈጣን ናት።

እጄ የሆነ ነገር ያዘ። አያ እንድሪስ ናቸው። ሰደርያው አንሳፍፏቸው፣ ቡልኮው ተጠቅልሎባቸው፣ ጢማቸው ከውሃው በላይ ነበር። እኔ አንገታቸውን አቀፍኩ። ለማዳን ይመስላችኋል? ለመዳን ነው። ወጣሁባቸው። እሳቸው ወደ ታች ሄዱ፣ እኔ አየር አገኘሁ። እሳቸው ሲወጡ እኔ ወረድኩ። እንደገና ወጣሁባቸው።

«ልቀ...ቀኝ ልጄ» አሉ፣ ውሃ እየተፉ። «ልቀቀኝ... ሁለታችንም...»

ሰምቻቸዋለሁ። ይሄን ነው የምነግራችሁ። ሰምቻቸዋለሁ፣ አልለቀቅኳቸውም።

«ሞላ!» የዘነቡ ድምፅ ነው። «ሞላ ልቀቃቸውና እንጨቱን ያዝ!»

ላይዳው ፊቴ ላይ መጣ። ሰማያዊው አጋሰስ አጠገባችን ደርሷል፤ ዘነቡ ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ፣ ቁርጭምጭሚቷ በገመድ ታስሮ፣ ሳንቃው ንቅንቅ አይልም። አያ እንድሪስን ለቅቄ ላይዳውን ያዝኩ። እሷ በአንድ እጇ እኔ የያዝኩትን እንጨት፣ በሌላው የአያ እንድሪስን ሰደርያ ይዛ «አያ፣ በሆድዎ፣ እንደ ሕፃን፣ ሳብ ይበሉ፣ አብሽሩ፣ አብሽሩ» ትላለች። እንዴት እንዳወጣቻቸው አላውቅም። አያ እንድሪስ በደረታቸው ድመቷ ላይ ተኙ። እኔን ከኋላ ጫፉን አስያዘችኝ።

«እግርህን አንፈራግጥ። ወሬ አታውራ።»

የማወራበት አፍ የት አለኝ? ውሃ ሞልቶታል።

ማዶ ስንደርስ ጋሽ ተሰማ ራሳቸው እስከ ጉልበታቸው ገብተው አያ እንድሪስን ተቀበሏቸው። ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ አንዱ ጋቢ ያመጣል። አያ እንድሪስ ተነስተው ቆሙ። ከዘራቸው ውሃ በልቶታል። ጀለቢያቸው ገላቸው ላይ ተለጥፎ፣ ብርቱካናማው ሰደርያ ለሰው ሁሉ ታየ። ጢማቸውን ጨመቁና «ቀጠሮው አላለፈም አይደል?» አሉ።

እኔ ቁጥቋጦ ውስጥ ልገባ ነበር። ጋሽ ተሰማ አዩኝ። «ያም ይግባ!» አሉ። «ብርድ ደንብ አያውቅም።»

እንዲህ ሆኜ ነው የየሺ አባት ቤት የገባሁት። ዓለም ላይ በሽምግልናው ቤት ውስጥ የተገኘ ጠያቂ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እሱም እየተንጠባጠበ። በር ሥር ቆምኩ። ዘነቡ አጠገቤ ቆመች፣ ላይዳዋን እንደያዘች።

ወንበር ቀረበ። ቀድመው የደረሱትን ሁለቱን የማዶ ዘመዶቻችንን ጨምሮ ሦስቱም ሽማግሌዎች አልተቀመጡም። ደንብ ነው፤ «ሰጥተናል» እስኪባል ሽማግሌ አይቀመጥም።

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ እርጥብ ናችሁ፣ ተቀመጡ» አሉ የየሺ እናት።

«መቀመጡ ይቆየን» አሉ አያ እንድሪስ። ቀኝ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። አየዋለሁ። ከጀለቢያቸው የሚወርደው ውሃ በመደቡ ሥር ኩሬ ሠርቷል። «የመጣንበትን ታውቁታላችሁ። መልሳችሁን ለመስማት ነው።»

ጋሽ ተሰማ ተቀምጠው መሬቱን አዩ። «መልሳችን ተዘጋጅቶ ነበር» አሉ። «ዛሬ ግን በዓይናችን ያየነው ነገር መጣ። አያ እንድሪስ፣ ሐቁን ንገሩኝ። ያን ዕቃ ማን ነው የመረጠው? ልጁስ ውሃው ላይ ምን ሲያደርግ ነበር?»

አያ እንድሪስ ወደኔ ዞረው እንኳ አላዩም። ሽማግሌ ሲባል ይሄ ነው፤ የልጁን ጉድ በራሱ ቡልኮ ይሸፍናል። «ዕቃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እርጅና ነው፣ በድያለሁ። ልጁ ግን... ውሃው ላይ ይዞኝ ነበር። አንድ ጊዜም አልለቀቀኝም። ምስክሬ አላህ ነው።»

«እሰይ!» አለ አንዱ ዘመድ። «ወንድ!» አለ ሌላው። የጋሽ ተሰማ ፊት ሲፈታ አየሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ውሸት እንኳ አልተናገሩም'ኮ! አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ዝም ብል የሺ የኔ ናት። ከጓዳው መጋረጃ ኋላ መሆኗን አውቃለሁ፤ የመጋረጃው ሥር ላይ እግሯ ይታየኛል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ዝም ማለት የሚጠቅመኝ ቀን ያ የመጀመሪያው ነው።

የአያ እንድሪስን ጉልበት አየሁ። አሁን ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። እነዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ እሳቸውን «አርጅተው ጃጁ» በሚል ዓይን ያዩዋቸዋል። የተከበሩ ሰው በኔ የተነሳ ጃጁ ሊባሉ ነው።

«አይደለም» አልኩ።

ቤቱ ዞረ። አያ እንድሪስ «ዝም በል አንተ!» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ» አልኩ። «የያዝኳቸው ለማዳን አይደለም። ልቀቀኝ ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ወጥቼባቸዋለሁ። ሊሞቱብኝ ነበር። ዋና አልችልም። አባይንም አልተሻገርኩም፣ ከሩቅ ነው የማውቀው። እህቴ ሰፊውን ውሰድ ብላኛለች፣ ንፋው ብላኛለች፣ እሰረው ብላኛለች። ጠባቧን የመረጥኳት ስለምታምር ነው። የቆምኩትም እንድታይ... ሰው እንዲያየኝ ብዬ ነው። ያዳነችን እሷ ናት። በላይዳ።»

ከልብሴ የሚወርደው ጠብታ ይሰማል። ጠብ። ጠብ። «ጉድ» አለች አንዲት ሴት፣ ቀስ ብላ።

ጋሽ ተሰማ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። እናትየዋም ተከተሏቸው። ሹክሹክታ ይሰማል፣ ቃሉ አይሰማም። እኔ መጋረጃውን አያለሁ፣ በሩን አያለሁ፣ መጋረጃውን አያለሁ። ልሩጥ? ወዴት? ውሃ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ጎኔን በክርኑ ወግቶ «ምላስህን ውሃው ቢወስደው ምን ነበር?» አለኝ። አያ እንድሪስ ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል። እንዳይቀመጡ ደንቡ ይዟቸዋል፣ እንዳይቆሙ ጉልበታቸው አልቋል። ቆይታው ከውሃው የባሰ ነበር።

ጋሽ ተሰማ ወጡ። ሽማግሌዎቹን አልፈው እኔን አዩኝ። ረጅም አዩኝ።

«ተቀመጥ» አሉ።

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፣ ለማን ነው ብዬ። ማንም የለም። ዘነቡ በላይዳው እጀታ ወገቤን ነካችኝ። አሁንም አልገባኝም።

«ተቀመጥ አለህ'ኮ!» ብለው ጮኹ አያ እንድሪስ። «አንተ ካልተቀመጥህ እኔ መቀመጥ አልችልም፣ ጉልበቴ አለቀ፣ ተቀመጥ አንተ ጀዝባ!»

ተቀመጥኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም ተቀመጡ። ያኔ ነው እልልታው የመጣው፣ እኔም ያኔ ነው የገባኝ።

ጓዳ ውስጥ ምን እንደተባለ ኋላ ነው የሰማሁት። የሺ፣ አባቷ «ሰማሽው?» ሲሏት «አባይን ተሻገርኩ ሲለኝ አንድ ቀን አላመንኩትም፤ ዛሬ ያለውን ግን አምኜዋለሁ» ብላለች። ይሄው ነው። ሌላ አላለችም።

እንግዲህ እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ እንደኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የውሃ ሳንቃ ልትመርጡ ከሆነ ስሙኝ። ሰፊውን ውሰዱ። ማማር አታስቡ፣ ድመት ቢኖርበት ይኑርበት። ክንዳችሁ ቢዝልም መርፌው እስኪደርስ ንፉት። ገመዱን እግራችሁ ላይ እሰሩ፣ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ ልበሱ፣ ከመቆማችሁ በፊት መንበርከክ ልመዱ። ይሄን ሁሉ እኔ አላወቅሁትም፤ ነገሩኝ እንጂ። በቅሎ ማወቅ ውሃ ማወቅ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ሲነግራችሁ፣ ያ ሰው እህታችሁም ብትሆን፣ ያየችውም ሰው ቤት ስትሠራ ቢሆን፣ ስሟት። እኔ ያን ቀን «የዓረብ አገሩን ለዓረብ ተይው» ያልኳትን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ምን ብለኸኝ ነበር?» አለችኝ። ታስታውሳለች፤ እንዳላፍር ነው። አያ እንድሪስንም ጠይቄያለሁ። እሳቸው «ሁለታችንም በቅሎ ነበርን» ብለው ተዉት። ዛሬም ሌሊት ሌሊት ያ «ልቀቀኝ ልጄ» ያሉት ድምፅ ይመጣብኛል፤ እሱ ይቅርታ የሚሰማ አይመስለኝም።

ድሮ ብዙ ያልሠራሁትን ነገር አወራ ነበር። አሁንም አወራለሁ፣ አመል በአንድ ጥምቀት አይለቅም። ግን አንድ ነገር አፌ ላይ ሲመጣ እግሬ መሬት ይፈልጋል፤ ካላገኘ እውጠዋለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ አያ እንድሪስ ማዶ እንዲያድሩ ተብሎ፣ እኔና ዘነቡ ልንመለስ ወደ ውሃው ወረድን፤ ቀይዋንም ሳንቃ ነፋሱ ራሱ ዳር ጥሏታል። የጋሽ ተሰማን ሱሪ ለብሼ፣ ሁለቴ አጥፌው በገመድ ታጥቄዋለሁ። የሺ ከአጥሩ ወዲያ ቢጫ ሻሿን አስተካክላ ቆማለች። ገና መነጋገር አይፈቀድልንም፤ ግን አጥሩ ክፍተት አለው።

«በየትኛው ነው የምትመለሰው?» አለች።

«በሰፊው።»

«ቆመህ?»

«ተንበርክኬ።»